ሞተሩ ሲከብድ ጀልባው ለምን ወደ ኋላ ይቀመጣል?
ከደልጊ ዳርቻ የሚገኝ የፊዚክስ ትምህርት

ደልጊ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በጣቁሳ ወረዳ የምትገኝ የዳርቻ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ በደቅ ደሴትና በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚዘልቀው የመርከብ መስመር ለብዙ ዓመታት ሲያርፍባት ኖሯል። በእንዲህ ያለ ዳርቻ ቆሞ ሐይቁን የሚመለከት ሰው ሦስት ዓይነት ተንሳፋፊዎችን ያስተውላል። እነርሱም ከደንገል የተሠራው ታንኳ፣ ሞተር የተገጠመለት ትንሽ ጀልባ እና ሰውና እህል የሚያመላልሰው ትልቁ መርከብ ናቸው። ሦስቱም በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ይንሳፈፋሉ፤ ነገር ግን ሦስቱም እኩል ይቅርታ አያደርጉም። በጭነት አቀማመጥ ላይ ለሚሠራ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚጋለጠው መካከለኛው፣ ማለትም ትንሹ የሞተር ጀልባ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አንስተን እንመረምራለን። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያለው አንድ ባለ ጀልባ ገንዘብ አጠራቅሞ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር መግዛት ፈለገ እንበል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ቶሎ ለመድረስና ብዙ ለመጫን ይሻል። ይሁን እንጂ አዲሱ ሞተር ጉልበት ብቻ ሳይሆን ክብደትም ይዞ ይመጣል። ያ ክብደት ጀልባው በውሃው ላይ የሚቀመጥበትን ሁኔታ እንዴት ይለውጠዋል? በጀልባው ላይ የሚሳፈሩት እናቶች፣ ነጋዴዎችና ተማሪዎች ደኅንነት በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ጉዳዩ በእርሳስና በወረቀት ሊመረመር የሚገባው ነው።

ሁለት የመንሳፈፍ መንገዶች

አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፣ ውሃ ውስጥ የገባ አካል ቦታውን የለቀቀለትን ውሃ ክብደት በሚያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ተንሳፋፊ አካል ደግሞ የሚገፋው ውሃ ክብደት ከራሱ ጠቅላላ ክብደት ጋር እስኪተካከል ድረስ ይሰምጥና በዚያ ይቆማል። ስለዚህ 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀልባ 700 ኪሎ ግራም ውሃ፣ ማለትም 700 ሊትር ውሃ ቦታ ያስለቅቃል። ጀልባው ከብረት፣ ከእንጨት ወይም ከፋይበር ግላስ መሠራቱ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም።

ይሁን እንጂ ታንኳና የብረት ጀልባ ወደዚህ ሕግ የሚደርሱት በተለያየ መንገድ ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የተሞላ ስለሆነ እፍግታው ከውሃ እፍግታ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ታንኳ የሚንሳፈፈው በራሱ በቁሱ ነው፤ ማዕበል ቢያልፍበትም ውሃው በአገዳዎቹ መካከል ይወርዳል እንጂ ሞልቶት አያሰጥመውም። ጉድለቱ አገዳው ቀስ በቀስ ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው። ከጉዞ በኋላ ዳርቻ ላይ ወጥቶ እንዲደርቅ የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አገልግሎቱም ከጥቂት ወራት አይዘልም። ይህን ጥበብ ከትውልድ ትውልድ ያቆዩት በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው።

የብረት ጀልባ ግን የሚንሳፈፈው በቁሱ ሳይሆን በባዶነቱ ነው። የብረት እፍግታ ከውሃ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል፤ ጀልባውን የሚያንሳፍፈው በግድግዳዎቹ መካከል የታቀፈው አየር ነው። ውሃ በግድግዳው ላይ ዘልሎ የገባ ዕለት ያ ባዶነት ይጠፋል። ስለዚህ ለሞተር ጀልባ ወሳኙ መለኪያ ከውሃው ወለል በላይ የቀረው የግድግዳ ቁመት ነው። ከእንግዲህ ይህን ቁመት «ትርፍ ቁመት»፣ ከውሃው በታች ያለውን ደግሞ «ስምጠት» እያልን እንጠራቸዋለን።

ሞተርን ከደንገል ጋር የማገናኘት ሐሳብ በጣና ላይ አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንፋሎት መርከብን አርአያ አድርገው፣ በሰው ጉልበት የሚዞሩ መንኮራኩሮች ያሏቸው ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች ለማሠራት መሞከራቸውን በዘመኑ ታስሮ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፎታል። የሞተር ጀልባ ከዓሣ አጥማጁ ሕይወት ጋር በስፋት የተገናኘው ግን በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ኡርክ በተባለችው የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ባለ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት ትብብር የተጀመረ ፕሮግራም የሞተር ጀልባዎችንና የናይለን መረቦችን ወደ ሐይቁ አስገባ። ከዚያ በፊት ታንኳው በቅርብ ዳርቻ ተወስኖ ይሠራ ነበር። ሞተሩ ግን ሩቅ ያለውን ዳርቻ ከባሕር ዳር ገበያ ጋር አገናኘው።

አንድ ሳንቲ ሜትር ስንት ኪሎ ነው?

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ነገሩን ለማቅለል ጀልባችን 5 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ሣጥን ነው ብለን እንውሰድ። በውሃው ወለል ላይ የሚይዘው ስፋት 7.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ጀልባ አንድ ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ሲሰምጥ የሚገፋው ውሃ 7.5 ሲባዛ በ0.01፣ ማለትም 0.075 ሜትር ኩብ ነው። ይህም 75 ሊትር ወይም 75 ኪሎ ግራም ውሃ ማለት ነው።

እንግዲህ ለዚህ ጀልባ አንድ ሳንቲ ሜትር ማለት 75 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው መካከል ላይ ቢቀመጥ ጀልባው አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ዝቅ ይላል። ይህን የሚያይ ሰው «ታዲያ ሃምሳና ስድሳ ኪሎ የሚጨምር ሞተር ምን ያመጣል?» ቢል አይፈረድበትም። ስሕተቱ ያለው ግን «መካከል ላይ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ሞተር መካከል ላይ አይቀመጥም፤ በኋላው ግድግዳ፣ በጀልባው የመጨረሻ ጫፍ ላይ ይታሰራል።

በነገራችን ላይ የጣና ውሃ ጨዋማ አይደለም። የባሕር ውሃ በጨው ምክንያት ከሐይቅ ውሃ 2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ አንድ ዓይነት ጀልባ በጣና ላይ በቀይ ባሕር ላይ ከሚሰምጠው በጥቂቱ ይበልጥ ይሰምጣል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም አቅጣጫው ግን ለእኛ የሚያደላ አይደለም።

የአራት እጥፍ ሕግ

አህያ የሚጭን ገበሬ የፊዚክስ መጽሐፍ ባያነብም አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ሸክሙ ሳይጨምር አህያዋ ትቸገራለች። ለጀልባም እንዲሁ ነው። ጫፍ ላይ የተቀመጠ ክብደት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛ፣ መካከል ላይ እንደተቀመጠ ሆኖ ጀልባውን በሙሉ እኩል ዝቅ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ጀልባውን በመካከሉ ዙሪያ ያዞረዋል፤ ኋላውን ዝቅ፣ ፊቱን ከፍ ያደርጋል።

የማዞር ኃይሉ ክብደቱ ከመካከል ባለው ርቀት ሲባዛ የሚገኝ ነው። ይህን የሚቋቋመው ደግሞ በውሃው ወለል ላይ ያለው የጀልባው ቅርጽ ነው። ለአራት ማዕዘን ሣጥን ይህ የመቋቋም አቅም ስፋቱ በርዝመቱ ኩብ ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል የሚገኝ ነው። ለእኛ ጀልባ 1.5 ሲባዛ በ125፣ ሲካፈል ለ12፣ ወደ 15.6 ይሆናል። የማዞር ኃይሉን በኪሎ ግራም ሜትር ወስደን ለ15,600 ስናካፍለው ጀልባው ያዘነበለበትን መጠን እናገኛለን። ያን በግማሽ ርዝመቱ በ2.5 ሜትር ስናባዛው ደግሞ ኋላው በስንት እንደወረደ እናውቃለን።

ይህን ስሌት በፊደል አስቀምጦ የሚሠራ ተማሪ አንድ ደስ የሚል ውጤት ያገኛል። ርዝመቱም ስፋቱም ምንም ይሁን ምን፣ በሣጥን ቅርጽ ጀልባ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ክብደት ያንን ጫፍ፣ መካከል ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ከሚያሰምጠው አራት እጥፍ ያሰምጠዋል። አንዱ እጅ እኩል ከመውረድ፣ ሦስቱ እጅ ከማዘንበል የሚመጡ ናቸው። በተቃራኒው ያለው ጫፍ ደግሞ በሁለት እጅ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ኪሎ፣ ለዚያ ጫፍ፣ መካከል ላይ እንዳለ አራት ኪሎ ይቆጠራል።

እውነተኛ ጀልባ ሣጥን አይደለም፤ ፊቱ ሹል ነው፣ ታቹም ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ አይደለም። በውሃው ወለል ላይ የሚይዘው ስፋት ከሣጥኑ ያነሰ ስለሚሆን የሚሰምጠውም የሚያዘነብለውም ከስሌታችን ይበልጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገኛቸው ቁጥሮች ሁኔታውን አሳንሰው እንጂ አጋንነው የሚያሳዩ አይደሉም።

አንድ ጀልባ፣ ሁለት ሞተሮች

አሁን ባለ ጀልባችንን እናማክረው። ባዶው ጀልባ 250 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። አምስት ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ግራም ሆነው መካከል ላይ ተቀምጠዋል። ነጂው 60 ኪሎ ግራም ሲሆን ከመካከል 2 ሜትር ወደ ኋላ ይቀመጣል። የቤንዚኑም ጀሪካን ከእርሱ አጠገብ ነው።

በመጀመሪያው ሁኔታ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት፣ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮች 36 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናሉ። አንድ ጀሪካን ቤንዚን 20 ኪሎ ግራም እንቁጠርለት። ጠቅላላ ክብደቱ 666 ኪሎ ግራም ይሆንና አማካይ ስምጠቱ 8.9 ሳንቲ ሜትር ነው። የማዞር ኃይሉን ስንደምር ከሞተሩ 90፣ ከቤንዚኑ 40፣ ከነጂው 120፣ በድምሩ 250 ኪሎ ግራም ሜትር ይመጣል። ይህም ኋላውን ተጨማሪ 4 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። የኋላው ስምጠት 12.9 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

በሁለተኛው ሁኔታ ሞተሩ ባለ አራት ምት፣ 40 የፈረስ ጉልበት ነው። የዚህ ዓይነቶቹ ከ90 እስከ 110 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ፤ እኛ 96 እንውሰድ። ትልቅ ሞተር ብዙ ስለሚጠጣ ቤንዚኑ ሁለት ጀሪካን፣ 40 ኪሎ ግራም ሆኗል። ጠቅላላው 746 ኪሎ ግራም፣ አማካይ ስምጠቱ 9.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ጭማሪው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው! የማዞር ኃይሉ ግን ከ250 ወደ 440 አድጓል፤ ኋላውም ተጨማሪ 7 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። የኋላው ስምጠት ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የፊቱ ስምጠት 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቀረ።

ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ቁመት በዘፈቀደ የሚወሰን አይደለም። ፕሮፔለሩ ውሃ ውስጥ በትክክል እንዲገባ ግድግዳው ከሞተሩ እግር ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት። አጭር እግር ያላቸው ሞተሮች ወደ 38 ሳንቲ ሜትር፣ ረጅም እግር ያላቸው ወደ 51 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግድግዳ ይፈልጋሉ። የእኛ ጀልባ ለአጭር እግር የተሠራ ከሆነ የኋላው ትርፍ ቁመት በመጀመሪያው ሁኔታ 25፣ በሁለተኛው 21 ሳንቲ ሜትር ነው።

አሁን ደግሞ ፕሮፔለሩ በመረብ ወይም በእምቦጭ ተጠላለፈ እንበል። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ ከተመዘገበበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሁለት ተሳፋሪዎች ነጂውን ለመርዳት ወደ ኋላ ሄዱ። በጀልባው ላይ አንዲት ኪሎ እንኳ አልተጨመረም፤ የማዞር ኃይሉ ግን በ240 አድጎ 680 ደረሰ። የኋላው ስምጠት ወደ 21 ሳንቲ ሜትር ወረደ፤ ፊቱም ከውሃው ወጣ። ፊቱ ሲወጣ በውሃው ወለል ላይ ያለው ቅርጽ ስለሚያጥር ኋላው ከስሌቱም በላይ ይወርዳል። የቀረው ትርፍ ቁመት 17 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ እስክሪብቶ ርዝመት ብትሆን ነው። ያውም ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ያለ ከሆነ ነው።

መፍትሔው የሚያስገርም ያህል ቀላል ነው። ሁለቱን ጀሪካኖች ከነጂው አጠገብ አንስተን ከመካከል አንድ ሜትር ወደ ፊት ብናስቀምጣቸው የማዞር ኃይሉ ከ440 ወደ 320 ይወርዳል። ሁለት ተሳፋሪዎችን ደግሞ አንድ ሜትር ወደ ፊት ብናስጠጋ 200 ይሆናል። ያን ጊዜ የኋላው ስምጠት ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ይመለሳል። ይህም ትንሹ ሞተር በነበረበት ጊዜ ከነበረው ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። አንድም ብር አልወጣበትም፤ የሚያስፈልገው ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚያደርስ ረዘም ያለ የጎማ ቱቦ ብቻ ነው።

ከፍታው ጉልበት ይወስዳል፣ ክብደት ግን አይቀንስም

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው 16 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ሞተር ጉልበት የሚሰጠው ቤንዚንን ከኦክስጅን ጋር አቃጥሎ ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የተለካለት ሞተር በደልጊ ዳርቻ ወደ 33 ያህል ይወርዳል፤ 15 የተባለውም 12 ተኩል አካባቢ ይሆናል። በሞተሩ ሽፋን ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ባለ ጀልባው ሞተሩ እንደተጠበቀው አልጎትት ሲለው የበለጠ ትልቅ ሞተር ይመኛል። ከፍታው ግን ከጉልበቱ እንጂ ከክብደቱ ምንም አይቀንስም። በደጋ ውሃ ላይ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት የምንሸከመው ክብደት ከባሕር ላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሞተር ከመለወጥ በፊት ፕሮፔለሩን መመርመር ይገባል። በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት አጠር ያለ ፕሮፔለር የጠፋውን ጉልበት ባይመልስም፣ ሞተሩ እንዲሽከረከር በተሠራበት ፍጥነት እንዲዞርና ጭነቱን እንዲስብ ያስችለዋል። ዋጋውም ከሞተር ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጀልባው ሲንቀሳቀስና ሲቆም

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቆመ ጀልባ ነበር። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ከፊቱ አንድ፣ ከኋላው ሌላ ማዕበል ይሠራል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በሁለቱ ማዕበሎች መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ለ5 ሜትር ጀልባ ርቀቱ ከጀልባው ርዝመት ጋር የሚተካከለው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ፍጥነት በላይ ጀልባው የራሱን ማዕበል ሽቅብ የሚወጣ ይመስል ፊቱ ይነሳል፣ ኋላው ይሰምጣል። ይህን ዳገት የሚያልፈው በቂ ጉልበት ካለውና ካልከበደ ነው። ካለፈ ታቹ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ቀለል ብሎ ይሄዳል።

ኋላው የከበደ፣ በተጨማሪም ከፍታ ጉልበቱን የቀነሰበት ጀልባ ግን ዳገቱ ላይ ይቀራል። ፊቱ ወደ ሰማይ፣ ኋላው ወደ ውሃ፣ ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ ይጓዛል። ይህ ሁኔታ ቤንዚን የሚባክንበት፣ ነጂውም ፊት ለፊቱን በቅጡ የማያይበት ነው። «ትልቅ ሞተር ገዝቼ ፍጥነቱ ለምን አልጨመረም?» ለሚል ባለ ጀልባ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይገኛል።

ከሁሉም የከፋው ድንገት መቆም ነው። ነጂው ነዳጁን በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ጀልባው ይቆማል፤ ከኋላው ሲከተለው የመጣው ማዕበል ግን አይቆምም። ደርሶ በዝቅተኛው የኋላ ግድግዳ ላይ ይወጣል። የጣና አማካይ ጥልቀት ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ ከፍተኛውም 14 ሜትር ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ሐይቅ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ የሚያስነሳቸው ማዕበሎች አጫጭርና ቀጥ ያሉ ናቸው። 17 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ቁመት ለዚህ አይበቃም።

የገባው ውሃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በእኛ ጀልባ ወለል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ ማለት 75 ኪሎ ግራም ነው። ያ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ፣ ማለትም ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ እዚያም የአራት እጥፉ ሕግ ይጠብቀዋል። ኋላው የበለጠ ይወርዳል፤ ስለወረደ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ነገሩ ከተጀመረ በኋላ ለመቅዳት ጊዜ አይሰጥም።

የትኛው ዓይነት ሞተር?

ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ያቃጥላል፤ ቫልቭና የቫልቭ ማንቀሳቀሻ ስለሌለው ቀላል ነው። በዚህ በኩል ለትንሽ ጀልባ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ በካርቡሬተር የሚሠራው የድሮው ዓይነት ከሚጠጣው ቤንዚን ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ከዘይት ጋር ወደ ውሃው ይለቃል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ የብዙ ሺህ ሰዎችም የመጠጥ ውሃ መሆኑን ስናስብ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። ባለ አራት ምት ሞተር ንጹሕና ቆጣቢ ነው፤ ዋጋውን የሚያስከፍለው በክብደት ነው። መካከለኛው መንገድ ባለ አራት ምት ሆኖ ጉልበቱ አነስ ያለ ሞተር መምረጥ ነው። ባለ 15 የፈረስ ጉልበቱ ባለ አራት ምት 50 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል።

በጀልባው ውስጥ የሚተከል የናፍጣ ሞተር ከሁሉ ይከብዳል። ነገር ግን 150 ኪሎ ግራም የሚመዝን ናፍጣ ሞተር መካከል ላይ ዝቅ ብሎ ቢተከል ጀልባውን እኩል 2 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል፤ በኋላው ጫፍ የተሰቀለ 96 ኪሎ ግራም ሞተር ግን ኋላውን 5 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። ከዚህ የምንረዳው «ስንት ኪሎ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የት ላይ?» የሚለው እኩል ክብደት እንዳለው ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ሞተርስ? 20 ሊትር ቤንዚን በትንሽ ሞተር ውስጥ የሚሰጠውን ሥራ ከሊቲየም ባትሪ ለማግኘት ወደ 300 ኪሎ ግራም፣ ከተለመደው የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከደልጊ ወደ ሩቅ ዳርቻ ለሚሻገር ጀልባ ገና አስቸጋሪ ነው። ለአጭር ጉዞ ግን ባትሪው ወለሉ ላይ መካከል ስለሚቀመጥ ሚዛኑን ይጠብቃል።

ስምጠት ለትልልቆቹም መርከቦች ዕጣ ወሳኝ ነው። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች በወረደ ጊዜ መርከቦቹ ለወራት ጉዞ አቁመው ነበር። ታንኳው ግን እንደወትሮው ይሄድ ነበር፤ የሚፈልገው ውሃ ጥቂት ነውና።

ውሃ ቢሞላስ?

ታንኳ ያለውን ጸጋ ለብረት ጀልባ ማካፈል ይቻላል። በስሌት እንየው። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝነው የብረት አካል በውሃ ውስጥ 218 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 96 ኪሎ ግራሙ ሞተር አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ በውሃ ውስጥ ወደ 64 ይወርዳል። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ራሱን ይችላል። ስድስት ሰዎች ከጎኑ ይዘው ጭንቅላታቸው ከውሃ በላይ እንዲሆን 60 ኪሎ ግራም እንጨምር። ድምሩ 342 ኪሎ ግራም ነው። በደንብ የተከደነ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የራሱ ክብደት ተቀንሶ 19 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ስለዚህ 18 ባዶ ጀሪካኖች ይህን ጀልባ ውሃ ሞልቶትም እንኳ እንዳይሰምጥ ያደርጉታል። ከመቀመጫዎቹ በታች፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ከፍ ብለው በጥብቅ መታሰር አለባቸው። ከእነርሱም አራቱ ሞተሩን ይሸከሙ ዘንድ በኋላው አጠገብ ሊሆኑ ይገባል። ይህ የሕይወት አድን ሰደርያን የሚተካ አይደለም፤ የሚያግዝ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ይህን ሁሉ በቃላችን ብቻ እንድትቀበሉ አንሻም። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ፈልጉ። በፊቱና በኋላው ግድግዳ ላይ በሳንቲ ሜትር መስመር አስምሩ። 300 ግራም አሸዋ በፌስታል ቋጥራችሁ መካከል ላይ አስቀምጡና በውሃ በተሞላ ሳፋ ላይ አንሳፉት። ስምጠቱን መዝግቡ። ቀጥሎ ሌላ 100 ግራም መካከል ላይ ጨምሩ፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ታያላችሁ። ያንኑ 100 ግራም ወደ ጫፉ አስጠጉት። ጫፉ ከመጀመሪያው ስምጠት ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊጠጋ በሚችል መጠን ይወርዳል፤ ተቃራኒው ጫፍ ከፍ ይላል። በመጨረሻም ጥቂት ውሃ ውስጡ አፍስሱና ውሃው ወዴት እንደሚሮጥ ተመልከቱ።

ማጠቃለያ

ባለ ጀልባችን አሁን በተሻለ ዕውቀት ወደ ገበያ ይሄዳል። የሞተሩን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ክብደቱን ይጠይቃል፤ ጉልበቱንም ለጣና ከፍታ ቀንሶ ያሰላል። የእግሩ ርዝመት ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ጋር መመጣጠኑን ይለካል። ጀልባውን ጭኖ ከዳርቻው ሳይርቅ የኋላውን ትርፍ ቁመት በስንዝሩ ይመዝናል። ቤንዚኑን ወደ ፊት፣ ከባዱን ጭነት ወደ መካከልና ወደ ታች ያደርጋል፤ ሲቆምም ነዳጁን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ፕሮፔለር ሲጠላለፍ ተሳፋሪው ከመቀመጫው እንዳይነሳ ያዛል።

እነዚህ ምክሮች አብዛኛዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ኪሎ የትም ቢቀመጥ አንድ ኪሎ አለመሆኑን ማወቅን ነው። በጣና ዙሪያ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ተማሪዎች ይህን ስሌት ለአባቶቻችሁና ለወንድሞቻችሁ ብታስረዱ የተማራችሁት ፊዚክስ ከፈተና ወረቀት ወጥቶ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጀሪካኑን ወደ ፊት ማስጠጋት የሚገባው ጀልባው ገና ከዳርቻው ሳይነሳ ነው።